ገብስ የገባበት መገበሪያ

በምማርበት ኮሌጅ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ሴቶች ጧት ጧት ምስር ይለቅማሉ። እህሉ በሰፌድ ላይ ሲበተን የሚያሰማው ደረቅ ድምፅ፣ ከዚያም ጠጠሩ እየተለየ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ጠብ ጠብ ማለት፣ በመኝታ ክፍላችን መስኮት ገብቶ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ወደ ቢቸና ይወስደኛል። እናቴ በደጃችን አጎዛ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስንዴ አንድ በአንድ ስትለቅም ትታየኛለች። ሌላ እህል ስትለቅም ከጎረቤት ጋር ትጫወት ነበር፤ ያን ስንዴ ስትለቅም ግን ማንንም አታናግርም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ እኔ ብዙ ጊዜ ዝም የምለው ያ ዓመት ስለሚመጣብኝ ነው።

አባቴ ታናሽ እህቴ ትርንጎ በተወለደች በዓመቷ ሞቶ ስለነበር ቤታችንን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ደምለው ነበር። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ከከተማው ዳር ያለችንን ሁለት ጥማድ መሬት ያርስ ነበር። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ ትሸጥ ነበር። ዘመኑ ማርቆስ ነበር፤ ጥቅምት ገብቶ ጤፉ ማዘንበል፣ ስንዴውም መንጣት ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ መኖሩን፣ ጎልማሳ የሆነ ሁሉ እንዲመጣ ተናገሩ። ደምለው የታጠበ ጋቢውን ለብሶ ሲወጣ እኔን በአገጩ እያመለከተ እናቴን እንዲህ አላት።

«ማዳበሪያውን ካደሉን ለየሻም አንድ እፍኝ አመጣላታለሁ። ቁመቷ ከትርንጎ እኩል ሊቀር ነው።»

ስሜ የሻረግ ነው፤ ቤተሰቡ የሻ ይለኝ ነበር። ተናድጄ ጭቃ ወረወርኩበት፣ እሱም እየሳቀ ሄደ። ስብሰባ አልነበረም፤ ለውትድርና አፈሳ ነበር። የመጡትን ሁሉ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉባቸው። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ እናቶች ስንቅ እየያዙ ወደ መጋዘኑ ሮጡ። እናቴም በጧት የጋገረችውን ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ እኔን በእጄ እየጎተተች ሄደች። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ አባቴ በሞተ ጊዜ መቃብር የቆፈረ ጎረቤታችን ነበር። ዳቦውን ተቀብሎ ውስጡ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ለማየት ለሁለት ገመሰው፣ ከዚያም እናቴን ሳያይ ወደ ውስጥ አቀበለላት። ደምለው በመጋዘኑ ትንሽ መስኮት ብቅ አለ።

«እምዬ፣ ሰው እያየሽ ነው፣ አታልቅሺ» አላት። ቀጥሎም እኔን አይቶ ሊስቅ ሞከረ። «ማዳበሪያው አልቋል፣ የሻ።»

በማግስቱ በጭነት መኪና ጭነዋቸው ሄዱ። እናቴ እስከ ከተማው መውጫ ድረስ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ሮጠች፣ አቧራው ከሰወራቸው በኋላ ግን ከእነሱ ጋር ወደ ቤት አልተመለሰችም፤ ከሰፈራችን በታች ወዳለችው ማርያም ወረደች። እኔም ተከተልኋት። በደጀ ሰላሙ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አስነክታ ጮክ ብላ ተናገረች። የጎረቤት ሰው የምታናግር ይመስል ነበር።

«እመቤቴ፣ የምሰጥሽ ሀብት የለኝም። ከዘንድሮው ስንዴ የመጀመሪያውን ቁና ለፍልሰታ መገበሪያ አመጣልሻለሁ። ረሃብ ቢመጣም አልነካውም። አንቺ ልጄን ጠብቂልኝ።»

መገበሪያ ማለት ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነው ስንዴ ነው፤ በፍልሰታ ጾም በየቀኑ ስለሚቀደስ በነሐሴ ብዙ ያስፈልግ ነበር። ሰዎች ሲሳሉ አብዛኛውን ጊዜ ልጄ ከተመለሰ እሰጣለሁ ይላሉ። እናቴ ግን አስቀድሞ መስጠትን መረጠች፤ ምናልባት ቀድሞ የተሰጠ ነገር ይበልጥ የሚያስር መስሏት ይሆናል። ረሃብ ቢመጣም አልነካውም ያለችው ቃል ያን ቀን አላስጨነቀኝም ነበር።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሰብሉን የሚሰበስብ ወንድ ስላልነበረን ከሌላ ገበሬ ጋር ለእኩል ተሰበሰበ። ከእኛ ድርሻ ላይ ደግሞ ለመንግሥት የሚገባው የኮታ እህል ተነሣ። በአውድማው ላይ የቀረውን እናቴ በዓይኗ ለክታ፣ እስከ ግንቦት ቢያደርሰን ነው አለች። ያም ሆኖ ከሁሉ አስቀድማ አንድ ቁና ስንዴ ለየች፤ ታጥባ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስትለቅመው ሰነበተች። ከዚያም በአቁማዳ ከትታ አፉን በጥጥ ፈትል አጥብቃ አሠረችና ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀለችው። ጎረቤታችን እትዬ አንጓች መጥታ አቁማዳውን ቀና ብላ እያየች፣ ማርያም እንኳ ዘንድሮ ትምረን ነበር አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኝተን ስንነሣ መጀመሪያ የምናየው ያን አቁማዳ ነበር።

ጥር ላይ ከደምለው ደብዳቤ መጣ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ የነበረ ቢሆንም የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ስለማይሆንላት እኔ አነበብኩላት። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ደህና መሆኑን፣ ሥልጠናው ሊያልቅ መሆኑን፣ በሬዎቹን ለማንም እንዳናውስ ይላል። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ከዚያም ፊቷ ጠቆረ።

«እግዚአብሔር ይመስገን አላለም?» አለችኝ።

አላለም ነበር። ምናልባት ደብዳቤው ስለሚታይባቸው ፈርቶ ይሆናል፤ ይህን ግን ያን ጊዜ አላውቅም። እናቴ ልጇ ከሩቅ አገር ይልቅ ከእግዚአብሔር የራቀ መስሏት ቀኑን ሙሉ ስትተክዝ አየሁ። በማግስቱ እንደገና አንብቢልኝ ስትለኝ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ በጸሎትሽም አስቢኝ ብዬ ጨምሬ አነበብኩ። እናቴ ትናንት እንዴት እንዳለፍኩት ጠየቀችኝ። ጽሑፉ ደብዝዞ ነው አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወረቀቱን ሳመችው። ከዚያ በኋላ ባነበብኩላት ቁጥር ያንኑ ቃል ሳላዛባ መድገም ነበረብኝ፤ ውሸቱ ልክ እንደ ዳዊት በቃሌ ተጠና።

በየካቲት ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፣ ወደ ሰሜን ልንሄድ ነው ይላል። ዐቢይ ጾም ገብቶ ወጣ፤ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። በፋሲካ ዋዜማ እናቴ ለደምለው የሚሆን ቦታ በመሶቡ ዙሪያ ትታ ስታስቀምጠን፣ ትርንጎ በአራት ዓመት ልጅ ድምፅ፣ እሱ የሚመጣው ዶሮ ሲኖር ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። በዚያ ፋሲካ ዶሮ አልነበረንም፤ እንቁላል ነበር።

ግንቦት እንዳለፈ ጎተራው ባዶ ሆነ። ክረምቱ በዚያ ዓመት ቀድሞ ገባ፣ ቢቸናም በጭጋግ ተሸፈነች። ጧት ጎመን፣ ማታ ጎመን እንበላ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ድንች ወይም የጓያ ቂጣ ይገኛል። የፈተለችውን ጥጥ የሚገዛት አልነበረም፤ ሁሉም ሰው እንደ እኛ የሚበላ ይፈልግ ነበር። አንደኛውን በሬ ሸጥን፣ ዋጋውም በአንድ ወር አለቀ። በሐምሌ መጀመሪያ ትርንጎን ኩፍኝ ያዛት። ሽፍታው ከለቀቃት በኋላ ተቅማጡ አልቆም አለ፤ ጉንጯ ጎደጎደ፣ ጎመኑን ስናጎርሳት ትተፋው ጀመር። ጤና ጣቢያ የነበረው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሐኪም መድኃኒት እንደሌለው፣ ከመድኃኒት ይልቅም ቀጠን ያለ የእህል አጥሚት እንደሚያስፈልጋት ለእናቴ ነገራት። እናቴ አንገቷን ደፍታ አመሰገነችው። የሚለመን ሁሉ ተለመነ፤ ማንም አልነበረውም።

ቤት ውስጥ ግን አንድ ቁና ስንዴ ተሰቅሎ ነበር። ሁላችንም እናየው ነበር፣ ማንም ግን አይናገረውም። እናቴ አንድ ቀን ቆማ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ እንዳየችው አስታውሳለሁ። እጇን አነሣች፣ ከዚያም አማተበችበትና ወደ ማርያም ለመስገድ ወጣች። በልጇ ነፍስና በልጇ ነፍስ መካከል ቆማ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ስንዴውን ከነካች ደምለው የሚሞት ይመስላታል፤ ካልነካች ደግሞ ትርንጎ በዓይኗ ፊት እየቀለጠች ነው።

እሷ እንደወጣች በርጩማ በበርጩማ ላይ ደርቤ ወጣሁና ፈትሉን ፈታሁት። አንድ እፍኝ ወሰድኩ። ወቅጬና ፈጭቼ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ በድስት አፍልቼ ለትርንጎ በማንኪያ ሰጠኋት። አልተፋችውም። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እናቴ ለስግደት በወጣች ጊዜ ያንኑ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ማንኪያውን ከእጄ ቀምታ ራሷ ጠጣች። እናቴ ስትመለስ ልጅቱ ተቀምጣ አገኘቻት፤ በጉልበቷ ወድቃ እመቤቴ ሰማችኝ እያለች መሬቱን ሳመች። እኔ ከምድጃው አጠገብ ድስቱን በአመድ እየፈተግሁ ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል እትዬ አንጓች ከዘመዶቿ ጥቂት ገብስ መጣላትና ለእኛም ሰጠችን። እናቴ በየድርሻችን ቆልታ ስታድለን፣ እኔ ቆሎ ከመሆኑ በፊት ጥሬውን እመርጣለሁ እያልኩ ድርሻዬን ጥሬውን እቀበል ነበር። እትዬ አንጓች እያየች፣ ይህች ልጅ ደግሞ እንደ ዶሮ ጥሬ ትለቅማለች ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን አልበላሁትም። አራት ቀን አጠራቅሜ ሦስት እፍኝ ሲሆንልኝ አቁማዳው ውስጥ ጨመርኩትና ፈትሉን እንደነበረው አሰርኩት። ዕዳዬን የመለስኩ መስሎኝ ልቤ ቀለለኝ። ተርቤ ስለ መለስኩት እንዲያውም ማርያም የምትወደኝ መሰለኝ። ለቅዳሴው ኅብስት ከስንዴ በቀር ሌላ እህል እንደማይገባ፣ ገብስ የነካውም መገበሪያ እንደማይሆን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በፍልሰታ ዋዜማ እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አቁማዳውን በጀርባዋ አዝላ ወደ ማርያም ሄደች። እዚያ መገበሪያውን የሚቀበሉትና የሚፈጩት እማሆይ የሚባሉ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ነበሩ። በማግስቱ ጧት ከቅዳሴ በፊት እማሆይ ራሳቸው አቁማዳውን አሸክመው ወደ ቤታችን መጡ። ደጅ ቆመው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ መንገደኛ ግን ይሰማ ነበር።

«ልጄ፣ ገብስ ገብቶበታል። ሳላየው ፈጭቼው ቢሆን ምን ልሆን ነበር?»

እናቴ እጇን ወደ አቁማዳው ከትታ እፍኝ ዘግና በመዳፏ ላይ አየችው። ነጩ ገብስ በስንዴው መካከል በግልጽ ይታይ ነበር። ማን ነካው ብላ አልጠየቀችም። የራሷ ጥፋት አደረገችው፤ በታኅሣሥ ስትለቅመው ዓይኗ እንደ ደከመ፣ ልቧ ልጇ ጋ ስለነበር አንገዋልላ እንዳልለየችው ተናገረች፣ በእማሆይ እግር ላይም ወድቃ ይቅርታ ለመነች። በቀትር ወሬው ወንዝ ዳር ደርሶ ነበር። እግዚአብሔርን በገብስ ልታታልል አሉ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቅዳሴ ስትሄድ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ከዋርካው ሥር ብቻዋን ትቆም ነበር። እኔም አጠገቧ ቆሜ፣ ልናገር ልናገር እያልኩ አልተናገርኩም።

ጾሙ በገባ በስድስተኛው ቀን ከሞጣ የመጣ ነጋዴ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ጌቴ የሚባል የሞጣ ልጅ ከደምለው ጋር በአንድ ጓድ እንደነበር ሰምቷል። እናቴ ትርንጎን ለእትዬ አንጓች ትታ እኔን አስከትላ በጭነት መኪና ተሳፈረች። መኪናው የኮታ እህል የጫነ ነበር፤ ረዳቱ እናቴን ደግፎ እያወጣ፣ እማማ ይደላደሉ፣ እህል ላይ መቀመጥ ዘንድሮ ሹመት ነው አላት። ተሳፋሪው ሳቀ፣ እሷ ግን የሰማችው አልመሰለኝም። መኪናው ጭቃ ይዞት የቀረውን መንገድ በዝናብ በእግራችን ሄድን። እናቴ ከጾሙ የተነሣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀመሰችም ነበር።

ጌቴን ያገኘነው በወላጆቹ ቤት በር ላይ ክራንቹን አጠገቡ አስደግፎ ተቀምጦ ነው። ከደምለው ብዙ የሚበልጥ አይመስለኝም፤ ፊቱ ግን የሽማግሌ ነበር። የማን እናት እንደሆነች ስትነግረው መጀመሪያ ወደ መሬት አየ።

«እናቴ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም» አለ። «ሆዱን ተመትቶ ነበር። ስንሸሽ ተሸክሜው መጣሁ፣ ከዚያ አቃተኝ። ከአንድ ዛፍ ሥር አስደግፌው ነው የመጣሁ። ያን ጊዜ ይናገር ነበር።»

«ምን አለህ?»

«ውኃ አለኝ። ኮዳዬ ባዶ ነበር።»

እናቴ ነጠላዋን በአፏ ላይ አደረገች። የጌቴ እናት ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሣ እናቴ በእጇ ምልክት አስቆመቻት። ከዚያም ልጁን፣ ዛሬ ድረስ የምሰማውን ነገር ጠየቀችው።

«ዛፉ ጥላ ነበረው?»

ጌቴ ክራንቹን ወደ ጭኑ ሳበ። «ነበረው» አለ በመጨረሻ፣ እንባውም በጉንጩ ወረደ።

በዚያ ቤት አደርን፤ በማግስቱ ወደ ቢቸና ስንመለስ መኪና ስላላገኘን በጭቃው ውስጥ በእግራችን ተጓዝን። እናቴ ከፊት ከፊቴ ትሄድ ነበር፤ ጀርባዋ በአንድ ሌሊት የጎበጠ መሰለኝ። እኔ ከኋላዋ ሆኜ በልቤ እቆጥር ነበር፣ ሦስት እፍኝ፣ ሦስት ቀን፣ አንድ ጥይት። ወንድሜን የመታው እኔ የሰረቅሁት ስንዴ እንደሆነ ምንም ጥርጣሬ አልነበረኝም። አንድ ጅረት ተሻግረን ድንጋይ ላይ ስናርፍ ሁሉንም ነገርኳት። ስንዴውን፣ ገብሱን፣ የደብዳቤውን የተጨመረ ቃል ሳይቀር። እንድትመታኝ እፈልግ ነበር።

አልመታችኝም። እግሯን ከጭቃው ታጥብ ጀመር።

«ትርንጎ ጠጣችው?» አለችኝ።

«ጠጣችው።»

«ሦስቱንም ቀን እኔ የት ነበርኩ?»

«ማርያም ልትሰግጂ ሄደሽ።»

እናቴ ያን ጊዜ አለቀሰች። ደምለው ከተወሰደ ጀምሮ በሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ በዚያ ጅረት ዳር ግን እንደ ሕፃን ጮኸች። እኔ ስሰግድ ልጄ ይርባት ነበር፣ እኔ ስሰግድ ልጄ ይርባት ነበር እያለች ያንኑ ትደጋግም ነበር። ፈራሁ። እምነቷ እዚያው ጅረቱ ውስጥ ተጥሎ የሚቀር መሰለኝ፤ እሱ ከሄደ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ምንም የሚቀር ነገር አልነበረም።

ቢቸና እንደገባን ወደ ቤት ሳንሄድ በቀጥታ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድን። አባ እንላቸው ነበር፤ እጅግ ሸምግለው ነበር፣ ጆሯቸውም ይከብዳቸዋል። እናቴ ሁሉንም ስትነግራቸው እኔ በበሩ ተደብቄ ቆምኩ። ሰምተው ሲጨርሱ በስሜ ጠሩኝና ፊታቸው አስቀመጡኝ።

«ዳዊት ገና ሳይነግሥ፣ ሲሳደድ፣ ተርቦ ወደ ካህኑ ቤት ገባ» አሉኝ። «ከመሥዋዕቱ ኅብስት በቀር የሚበላ አልነበረም። ካህኑ ምን ያደረገው ይመስልሻል?»

«አባረረው?» አልኳቸው።

«አበላው።»

ይህ ግን ለእኔ አልበቃኝም። ታዲያ ደምለው በእኔ ምክንያት አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አባ ጥያቄው እንዲደገምላቸው ጆሯቸውን አቀረቡ፤ እንደገና መናገር ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ። ከሰሙ በኋላ የተቆጡ መሰለኝ።

«እመቤታችን ሦስት እፍኝ ስንዴ ቆጥራ የሰው ልጅ የምትቀማ ከሆነች፣ እኔ አርባ ዓመት ያገለገልሁት ማንን ነው?»

ዝም ብለው ግን አልለቀቁኝም፤ ላልተናገርሁባቸው ቀናት፣ እናቴ ስለ እኔ ለተዋረደችበት፣ ቀኖና ሰጡኝ። አቁማዳው ከእናቴ ጋር ሆኜ አንድ በአንድ እንዲለቀም፣ ገብሱ ለትርንጎ፣ ስንዴው ኅብስቱ ለሚሠራበት ቤተ ልሔም እንዲሆን አዘዙ። ከዚያም እናቴን በቀስታ፣ የደምለውን የክርስትና ስም በጸሎት ሲያነሡ ከሕያዋን ጋር ያንሡት ወይስ ከሙታን ጋር ብለው ጠየቋት። ከሙታን ጋር ካለች ፍትሐት ይደረጋል፣ ተዝካሩም ይወጣል፣ እሷም ከል ትለብሳለች። እናቴ ቆማ ብዙ አሰበች።

«ዛፉ ጥላ ነበረው ብሎኛል። ከሕያዋን ጋር ያንሡልኝ።»

ስንዴውን ከገብስ መለየት አምስት ቀን ፈጀብን። ዝናቡ ስለማይፈቅድ በበሩ ብርሃን፣ ሰፌዱን በመካከላችን አድርገን ከሁለት ወገን እንለቅም ነበር። እናቴ በዚያ ጊዜ ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም፤ አልፎ አልፎ ስለ ደምለው ሕፃንነት ታወራኝ ነበር፣ እንዴት እንደሚያለቅስ፣ እንዴት በአንድ ዓመቱ ሳይድህ እንደቆመ። አንድ ቀን መልቀሟን አቁማ፣ ጸሎት እንዳቃታት፣ ቃሉ አፏ ላይ እንደሚደርቅ ነገረችኝ። ታዲያ ለምን እንለቅማለን ስላት፣ አፍ መጸለይ ካቃተው እጅ ይልቀም እንጂ አለችኝ። እማሆይ በጾሙ ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ስንዴውን ተቀበሉን፤ ዓይናቸውን አቅርበው ካዩት በኋላ እናቴን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሟት።

ፍልሰታ በተፈታ ቀን ትርንጎን ለማስቆረብ ይዘናት ሄድን። እናቴ በዚያ ቀን ከዋርካው ሥር አልቆመችም፤ ከሴቶቹ መካከል ገብታ ቆመች። ትርንጎ ቆርባ አፏን በነጠላ ሸፍና እንደ ትልቅ ሰው ቀጥ ብላ ወጣች። ጠበል ከጠጣች በኋላ እናቴን ወደ ታች ጎትታ በጆሮዋ የነገረቻት፣ እኔም የሰማሁት፣ የየሻ አጥሚት ይበልጥ ነበር፣ ይኼ ትንሽ ነው የሚል ነበር። እናቴ ከጥቅምት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ሴቶቹም ከበቧት፣ በገብሱ ጊዜ ታማት የነበረችው ሳትቀር ደገፈቻት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የተሻሉ አልነበሩም። ሁለተኛውም በሬ ተሸጠ። እናቴ በየወሩ በሃያ አንድ ወደ አባ ሄዳ የወንድሜ ስም ከሕያዋን ጋር መነሣቱን ጠይቃ ትመለስ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ደግሞ የተበተነው ወታደር በከተማችን ያልፍ ጀመር፤ እግራቸው ያበጠ፣ ጫማ የሌላቸው፣ ሰው በፍርሃትና በጥላቻ በር የሚዘጋባቸው ልጆች ነበሩ። እናቴ ጧት ተነሥታ በእንስራ ውኃ ቀድታ ወደ መንገዱ ዳር ወጣች። ለሚያልፈው ሁሉ በጣሳ ትሰጥ ነበር። ስማቸውን አትጠይቅም፣ ደምለውን አይታችሁታል ወይ አትልም፤ ፊታቸውን ብቻ ታይ ነበር። እትዬ አንጓች፣ ልጅሽን ላስፈጁት ውኃ ታቀርቢያለሽ እንዴ ብትላት፣ እናቴ እንስራዋን ሳታስቀምጥ መለሰችላት።

«እነሱም ከመጋዘን ነው የተጫኑት።»

ሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ወጣች። መጀመሪያ በመቶ፣ ኋላ በዐሥር፣ በመጨረሻም አንድ ሁለት እያሉ መጡ፣ ከዚያ ቆመ። ማንም በማይመጣበት መንገድ ዳር አራት ቀን ቆማ ጠበቀች። በአምስተኛው ቀን ውኃውን በዛፍ ሥር አፍስሳ እንስራውን ለእኔ ሰጠችኝና ብቻዋን ወደ አባ ሄደች። ስሙ ከሙታን ጋር እንዲነሣ የነገረቻቸው ያን ቀን ነው። ስትመለስ ማንም አልደገፋትም፣ በእግሯ ቀጥ ብላ መጣች፤ ልቅሶውም የተቀመጥነው ደምለው ከተወሰደ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን እናቴ ጸጉሯ ሸብቷል፣ ትርንጎ ትማራለች፣ በቤታችንም እህል አይጠፋም። በልጅነቴ ጸሎት ማለት ስንዴ አስቀምጦ ልጅ መቀበል ይመስለኝ ነበር፤ ለዚህም ነው ሦስት እፍኝ ስንዴ እንደዚያ ያስፈራኝ። እናቴ ያላትን ሁሉ ሰጥታ የለመነችውን አላገኘችም፤ ግን ማርያምን አልተወችም፣ እኔም ከዚህ የሚበልጥ እምነት በሰው ላይ አላየሁም። በኮሌጁ አቅራቢያ ባለው ቤተ ክርስቲያን የሚጸለይላቸውን ሰዎች ስም የሚመዘግብ ዲያቆን አለ። የወንድሜን ስም ስሰጠው ሁልጊዜ፣ ለሕያው ነው ለሙት ብሎ ይጠይቀኛል። ፊደል የማትጽፈው እናቴ በእግሯ ሄዳ የመለሰችውን ጥያቄ፣ እኔ የኮሌጅ ተማሪዋ ገና መመለስ አልቻልኩም፤ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል።